የእናትንና የአባትን ድምፅ ቤት ውስጥ እንዴት እንቅዳ?

የአባቴ ድምፅ የለኝም። ፎቶው አለ። መታወቂያው ላይ ያለው አለ፣ ጥምቀት ላይ ከልጆቼ ጋር የተነሳው አለ። ድምፁ ግን የለም። ይበልጥ የሚያንገበግበኝ ደግሞ ድምፅ መቅዳት እንጀራዬ ስለነበር ነው። እዚሁ ጎንደር በአንዲት ትንሽ የሬዲዮ ጣቢያ 14 ዓመት ሠርቻለሁ። የስንቱን ሰው አባት ቀድቻለሁ። የራሴን አባት አንድ ቀን ስቱዲዮ ጋብዤው ስለ ድሮ ጥምቀት 20 ደቂቃ አጫውቶናል። የካሴት እጥረት ነበረብን። በሳምንቱ እዚያው ካሴት ላይ ሌላ ፕሮግራም ተቀዳበት። እኔም «ሌላ ጊዜ ቤት ሄጄ እቀዳዋለሁ» ብዬ ተውኩት። ሳልቀዳው ሞተ።

ይህን የምጽፈው ወላጆቻቸው ወይም አያቶቻቸው በሕይወት ላሉላቸው ሰዎች ነው። ማይክ መግዛት አያስፈልግም። ኪሳችሁ ውስጥ ያለው ስልክ ይበቃል። ቀረጻን የሚያሳምረው ወይም የሚያበላሸው ክፍሉ፣ ስልኩ የተቀመጠበት ቦታና የምትጠይቁት ጥያቄ ነው።

መጀመሪያ ክፍል ምረጡ። ብዙ ሰው ሳሎኑን ይመርጣል፤ እንግዳ የሚከበርበት ስለሆነ። ሳሎን ግን አብዛኛውን ጊዜ ለቀረጻ አይሆንም። ወለሉ ሴራሚክ፣ መስኮቱ ሰፊ መስታወት፣ ግድግዳው ባዶ ሲሚንቶ ከሆነ ድምፅ እየተጋጨ ይመለሳል። ስትሰሙት እናታችሁ ባዶ በርሜል ውስጥ ሆና የምታወራ ይመስላችኋል። መሞከሪያው ቀላል ነው። ክፍሉ መሃል ቁሙና አንዴ አጨብጭቡ። ከጭብጨባው ኋላ የሚጎተት ድምፅ ከሰማችሁ ወደ ሌላ ክፍል ሂዱ። መኝታ ቤት ጥሩ ነው። ፍራሹ፣ ብርድ ልብሱ፣ ልብስ የሞላው ቁም ሳጥን ድምፁን ይውጡታል። የአማቴ ቤት በጭድና በጭቃ የተመረገ የድሮ ቤት ነው። እኛ ጣቢያ ከነበረው ስቱዲዮ ይልቅ እዚያ የቀዳሁት ያምራል። ሌላ ምርጫ ከሌላችሁ ከተናጋሪው ፊት ለፊት ባለው ግድግዳ ላይ ጋቢ ስቀሉ። ወፈር ያለ ቢሆን ይመረጣል።

ከክፍሉ ቀጥሎ ሰዓቱ ነው። ጎንደር ዝም የምትልበት ሰዓት ጥቂት ነው። ቤታችን ከቁስቋም በታች ስለሆነ ሌሊት ማሕሌቱ ይሰማል። ንጋት ላይ አዛን አለ። ከዚያ ባጃጁ ይጀምራል፣ ከዚያ የብረታ ብረት ቤቱ መቁረጫ ማሽን። እኔ የሚመቸኝ ከጠዋቱ 4 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት ነው። ልጆች ትምህርት ቤት ናቸው፣ ሽማግሌም ቁርሱን ቀምሶ ገና አልደከመውም። የጾም ወራት ከሆነ ቅዳሴው ቀን ስለሚሆን ሰዓቱን ቀድማችሁ አስሉ። ሐምሌና ነሐሴን ብትተውት ይሻላል። ቆርቆሮ ላይ ዝናብ ሲወርድ የትኛውም ማይክ አይችለውም። ፍሪጅ ካላችሁ ንቀሉት፤ ጆሯችሁ ስለለመደው አትሰሙትም እንጂ ሲያጓራ ነው የሚውለው። መልሳችሁ መሰካቱን እንዳትረሱ የቤቱን ቁልፍ ፍሪጁ ውስጥ አስቀምጡት። ሳትከፍቱት አትወጡም።

ድምፅ ሁሉ ግን ጠላት አይደለም። የዶሮ ጩኸት፣ የረከቦቱ ሲኒ ሲነካካ፣ ከሩቅ የሚሰማ ደወል ይግባ። እነሱም የቤታችሁ ናቸው። ቡና የሚወቀጥ ከሆነ ግን ወሬው ላይ አይደረብ። ሙቀጫውን ለብቻው ሁለት ደቂቃ ቅዱት። አንድ ቀን ይናፍቃችኋል።

ስልኩን አውሮፕላን ሁነታ ላይ አድርጉት። መሃል ላይ ጥሪ ከገባ ቀረጻው ሊቋረጥ ይችላል። ስቱዲዮ እያለን የእንግዳ ስልክ ሊጠራ ሲል ስፒከሩ ውስጥ «ትርትርትር» የሚል ድምፅ ይቀድም ነበር፤ ያን ጊዜ የምንይዘውን እናጣለን። ከዚያ ስልኩን ጠረጴዛ ላይ በባዶው አታስቀምጡት። ጣት ሲያርፍበት፣ ብርጭቆ ሲቀመጥበት ሁሉም ይገባል። የታጠፈ ጋቢ ወይም ፎጣ አንጥፉለት። የስልኩ ማይክ ብዙውን ጊዜ ታች፣ ቻርጀር የሚሰካበት አጠገብ ያለችው ቀዳዳ ናት። እሷን ወደ ተናጋሪው አዙሩ፣ በእጃችሁም አትሸፍኗት። ርቀቱ ከአንድ እስከ ሁለት ስንዝር ይሁን። ልክ ከአፍ ፊት ለፊት ሳይሆን ትንሽ ወደ ጎን አድርጉት። ፊት ለፊት ከሆነ «ፖስታ»፣ «ፖሊስ» ሲባል ንፋሱ ማይኩን ይመታውና ቡፍ ይላል።

ከመጀመራችሁ በፊት 30 ሰከንድ ቅዱና በጆሮ ማዳመጫ ስሙት። ይህን አትዝለሉት። አንድ ሰዓት ሙሉ የተወራ ወሬ የኪስ ጨርቅ ሲፋተግ ብቻ ሆኖ የተገኘበትን ቀን አውቃለሁ። መቅጃው ፕሮግራም ጥራት የሚያስመርጥ ከሆነ ከፍተኛውን ምረጡ። ተጨምቆ የሚቀመጠው ኤምፒ ስሪ በሰከንድ 128 ኪሎቢት ከሆነ በደቂቃ 1 ሜጋባይት ገደማ ይይዛል። ያልተጨመቀው ዌቭ በአንድ ማይክ 5 ሜጋባይት ያህል ነው። ቦታ ካላችሁ ዌቭ ይሁን።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። በ14 ዓመት ውስጥ የተበላሹብኝ ቃለ መጠይቆች አብዛኞቹ የተበላሹት በመጀመሪያው ጥያቄ ነው። «እስቲ የሕይወት ታሪክዎን ያጫውቱን» ሲባል ሰው ይደነግጣል። ጉሮሮውን ይጠርጋል። «እኔ ተወልጄ ያደግሁት በቀድሞው በጌምድርና ስሜን ጠቅላይ ግዛት…» ብሎ እንደ ማመልከቻ ይጀምርላችኋል። ከዚያ በኋላ መመለሻ የለውም። ዕቃ ጠይቁ። በር ጠይቁ። «የእናትሽ ቤት በሩ ወዴት ነበር የሚያየው?» «ውሃ ከየት ነበር የምትቀጂው? ከማን ጋር?» «የመጀመሪያ ጫማሽን ማን ገዛልሽ?» ሰው በሩን ካየው ቤቱ ውስጥ ራሱ ይገባል። እናንተ መከተል ብቻ ነው።

አጠራርም ትልቅ ነገር ነው። እናታችሁን ቤት ውስጥ «አንቺ» የምትሉ ከሆነ ስልኩ ሲበራ «እርስዎ» አትበሏት። ወዲያው እሷም እንግዳ ትሆንባችኋለች። እኔ አማቴን «አንቱ» ነው የምላቸው። ስጠይቃቸው ነጠላቸውን አስተካክለው፣ ቀጥ ብለው ተቀምጠው፣ ቃላቸውን መርጠው ይመልሱልኛል። ሚስቴ ግን «እማዬ፣ ያቺ በቅሎስ እንዴት ሆነች?» ስትላቸው ገና ሳይመልሱ ይስቃሉ። ስለዚህ ጠያቂዋ እሷ ሆነች፣ እኔ ስልኩን ጠበቅሁ። ከሁለታችንም የተሻለው ደግሞ ትንሹ ልጃችን ነው። ወሬው መሃል «አሞሌ ምንድነው?» አለ። እኛ ብንሆን እናውቀዋለን ብለን እናልፈው ነበር። አማቴ አባታቸው ከገበያ ይዘውት ስለሚመጡት አሞሌ ጨው፣ እናታቸው የት እንደሚደብቁት፣ እሳቸውና ወንድማቸው ተደብቀው እንዴት እንደሚልሱት ስድስት ደቂቃ አወሩለት። ለልጅ ሲነገር ነገር ከሥሩ ነው የሚነገረው። ልጆችን አስቀምጡ።

አንድ ከባድ ነገር አለ። እኛ ስንሰማ ዝም አንልም። «እህ»፣ «ወይ ጉድ»፣ «አይ አንቺ» እንላለን። ደግሞ ትንፋሻችንን ወደ ውስጥ ስበን «አዎ» የምንልባት አለች። ወሬ የሚሞቀው በዚህ ነው። ግን ስልኩ አጠገብ የተቀመጣችሁት እናንተ ከሆናችሁ የእናንተ «እህ» ከተናጋሪው ቃል ጎልቶ ይሰማል፣ ቃሉንም ይሸፍነዋል። በዓይናችሁና በራሳችሁ ንቅናቄ መልሱ። ፈገግ በሉ። ጨርሳችሁ እንደ ድንጋይ አትሁኑ፤ የማትሰሟቸው ይመስላቸዋል።

ዓመተ ምሕረት እየጠየቃችሁ ወሬውን አትስበሩት። አማቴ የተወለዱት «ጣሊያን ጎንደርን በለቀቀ በዓመቱ» ነው። ይህ በቂ ነው። ጣሊያን ጎንደር ላይ እጁን የሰጠው ኅዳር 1934 ዓ.ም. ስለሆነ 1935 ገደማ ማለት ነው። ስሌቱን ማታ ደብተር ላይ ሥሩት። «በ66ቱ»፣ «በ77ቱ ድርቅ» ሲሉ እንዲያው ይለፍ።

ዝምታንም አትፍሩ። ባለፈው ጥር አማቴ ምስር እየለቀሙ ስለ ሠርጋቸው ያወሩ ነበር። ከደንቢያ በበቅሎ ተጭነው ወደ ጎንደር የመጡበት ቀን ነው። ሚስቴ «እናትሽ ከደጃፍ ሲሸኙሽ ምን አሉሽ?» አለቻቸው። እጃቸው ሰፌዱ ላይ ቆመ። የምስሩ መንሿሿት ቀረ። ውጭ አንድ ዶሮ ጮኸ። በኋላ ቀረጻው ላይ ስቆጥረው 11 ሰከንድ ሆነ። ሬዲዮ ላይ 11 ሰከንድ ዝም ከተባለ ቴክኒሻኑ ማሰራጫው የጠፋ መስሎት እየሮጠ ይመጣል። እኔም በልማዴ ሌላ ጥያቄ ልወረውር አፌን ከፍቼ ነበር። ሚስቴ ጉልበቴን ያዝ አደረገችኝ። ከዚያ አማቴ፣ «ምንም አላለችኝ። ዳቦውን ብቻ በነጠላዬ ጫፍ ቋጠረችልኝ» አሉ። ምስሩን መልቀም ቀጠሉ። ጥያቄዬን ጠይቄ ቢሆን ኖሮ ያን ዳቦ ማናችንም አናውቀውም ነበር።

ዘፈን፣ ቀረርቶ ወይም ፉከራ ከመጣ ስልኩን ወደ ክንድ ርዝመት አርቁት። ሽማግሌ ሲፎክር ድምፁ በአንዴ ይዘላል፣ ቀረጻው ይሰነጠቃል። የተሰነጠቀ ድምፅ ደግሞ አይጠገንም። ተረት ከሆነ መክፈቻውን አብራችሁ ቅዱ። «ተረት ተረት» ሲባል ልጆቹ «የላም በረት» ብለው ይመልሱ። እዚህ ላይ ዝም በሉ አልልም።

ሳይነግሯቸው መቅዳት ነውር ነው። ስትጀምሩ «ልቀዳ ነው» በሉ፤ እሺታቸውም ቀረጻው ውስጥ ይግባ። ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ስልኩን ይረሱታል። «ይሄን አትቅዳ» ካሉ አቁሙ፣ ማቆማችሁንም አሳዩዋቸው። የዘመድ ጠብና የርስት ነገር ሲነሳ ይህ ይመጣል። ለማን እንደምታሰሙትም አብራችሁ ተስማሙ። ርዝመቱ ከ40 ደቂቃ ባያልፍ ጥሩ ነው። በሌላ ቀን ሲመለሱበት ራሳቸው አስበውበት ይጠብቋችኋል።

ከተቀዳ በኋላ የመጀመሪያውን ቅጂ አትቁረጡት፣ አታሳምሩት። መቁረጥ ካማራችሁ ከሱ ላይ ሌላ ቅጂ አውጡ። የዚያኑ ቀን ስም ስጡት። እኔ «2018 ጥር 5 አማቴ የደንቢያ ሠርግ» ብዬ ነው የምጽፈው። ቁጥር ብቻ ያለው ፋይል ከዓመት በኋላ የማን እንደሆነ አይታወቅም። ከዚያ ሦስት ቦታ አኑሩት። አንዱ ስልኩ ላይ፣ አንዱ ፍላሽ ላይ፣ አንዱ ከቤታችሁ ውጭ። የኛ ሦስተኛው ትልቋ ልጄ ጋ ባሕር ዳር ነው ያለው። በቴሌግራም ስትልኩት እንደ ፋይል አያይዛችሁ ላኩት። ድምፁን በስፒከር እያጫወታችሁ እንደ ቮይስ መልሳችሁ አትቅዱት፤ ጥራቱ ይወርዳል።

በመጨረሻ አሰሟቸው። ይህን ብዙ ሰው አያደርገውም። እኛ በሁለተኛው እሑድ ከምሳ በኋላ አማቴን አስቀምጠን ከፈትንላቸው። አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ሰሙ። በሳቃቸው ላይ ሳቁ። በቅሎዋ ጋ ሲደርሱ ግን እጃቸውን አነሱ።

«ጥቁር ነው እንዴ ያልኩት? ኧረ ዳማ ናት። ጥቁሯ የአጎቴ ነበረች፣ እሷማ ሌላ ታሪክ አላት።»

ሚስቴ ጋቢውን አጠፈችና አነጠፈችው። እኔ ስልኩን አውሮፕላን ሁነታ ላይ አደረግሁት።