ሽንት በማይክሮስኮፕ ስታዩ እንዳትሸወዱ

ሰላም የላቦራቶሪ ልጆች፣ አታችመንት (የተግባር ልምምድ) የወጣችሁም አዲስ የተቀጠራችሁም። ሰሞኑን ሁለት ተማሪዎች አጠገቤ ሽንት ሲሰሩ እያየሁ ነበር። ወባና ሰገራ ላይ ጎበዞች ናቸው፣ ሽንት ላይ ግን ስትሪፑን (ቀለሙ እየተለወጠ ውጤት የሚያሳየውን የምርመራ ወረቀት) ነከር አደረጉ፣ አንድ ጠብታ ስላይድ ላይ ጣል፣ በ40 ሌንስ አንዴ አየት፣ ከዛ "ምንም የለውም" ብለው ሊጽፉ! ኧረ ተው አልኳቸው። ሽንት ቀላል የሚመስለን በቀን ብዙ ስለሚመጣ ነው እንጂ እንደሱ የሚያታልል ናሙና የለም።

እኔ ደሴም ኮምቦልቻም ሰርቻለሁ። መሃላቸው ያው ሐረጎን መውረድ ነው፣ ግን ሽንቱ ሁለቱ ቦታ በሁለት መንገድ ነው የሚሸውዳችሁ። ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ነች፣ ብርዱን ታውቁታላችሁ፣ መስኮት ዳር የተቀመጠ ሽንት ይደፈርሳል። ኮምቦልቻ ደግሞ ሞቃት ነች፣ ጠረጴዛ ላይ የተረሳ ሽንት ባክቴሪያ ይራባበታል፣ ሴሎቹና ካስቱም (ኩላሊት ቱቦ ውስጥ ተቀርጾ የሚወጣው ሲሊንደር መሳዩ ነገር) እየሟሙ ይጠፋሉ። ስለዚህ ሁለቱም ጋ ህጉ አንድ ነው፣ ከተቀበላችሁ በአንድ ሰዓት ውስጥ እዩት፣ ግፋ ቢል ሁለት። ካልደረሳችሁ ፍሪጅ አስገቡት፣ ግን ከፍሪጅ ስታወጡ ወደ ክፍሉ ሙቀት እስኪመለስ ጠብቁ፣ ስትሪፕ በቀዝቃዛ ሽንት አይሰራም።

ስራ የጀመርኩ ሰሞን በሐምሌ ጠዋት አንዱን ሽንት ከሴንትሪፊውጅ (ከማሽከርከሪያው ማሽን) ሳወጣው ታች የረጋው ሮዝ ነገር፣ ልክ የጡብ ዱቄት። ደም ነው ብዬ ልጽፍ ስል ሲኒየራችን "ነይ እስቲ አንቺ ልጅ፣ ስትሪፑ ደም አለ ብሎሻል?" አለኝ። አላለም። የረጋውን መልሶ በዛው ሽንት በጠበጠውና ቱቦውን ሞቅ ያለ ውሃ ውስጥ አቆመው፣ ቀስ እያለ ጠራ። ዩሬት ነው፣ በብርድ የሚረጋ ጨው፣ በሽታ አይደለም። ከዛን ቀን ጀምሮ ስትሪፑ ያለውንና ዓይኔ ያየውን ሳላስታርቅ ወረቀት ላይ አልጽፍም።

ወደ ስራው እንግባ፣ መጀመሪያ አወሳሰዱ። ሰው ስለሚያፍር ከቤቱ በተገኘው ጠርሙስ ነጠላ ስር ሸፍኖ ይዞ ይመጣል። አትቀበሉ። በረኪና የነካው ዕቃ ስትሪፑ ላይ ስኳርም ደምም ያለ ያስመስላል፣ ደህናውን ሰው ስኳር አለብህ ብላችሁ ልትልኩት ነው። ንጹህ ካፕ ስጡና ዝቅ ባለ ድምፅ አስረዱ፦ "እማማ፣ መጀመሪያ ከፊት ወደ ኋላ ይታጠቡ፣ የመጀመሪያውን ሽንት መሬት ይልቀቁት፣ መሃል ላይ ያለውን እዚህ ይያዙልኝ።" እቺን 20 ሰከንድ የቆጠበ ሰው በኋላ በማይክሮስኮፕ የሚያየው ሜዳ ሁሉ ኤፒተሊያል ሴል (የሽፋን ሴል) ሆኖበት ይቀመጣል። ስኳመስ ኤፒተሊያል ከበዛ ናሙናው ተበክሏል ማለት ነው፣ ድጋሚ ይሰጡ።

ስትሪፕ ላይ ብዙ አልልም። የተደባለቀ ያልተሽከረከረ ሽንት ውስጥ ነክሮ ቶሎ ማውጣት፣ ጠርዙን መጥረግ፣ ሰዓት መያዝ። በብዙዎቹ ስኳር 30 ሰከንድ፣ ፕሮቲንና ናይትራይት 60፣ ሉኮሳይት (ነጭ የደም ሴል) 2 ደቂቃ፣ የእናንተውን ብልቃጡ ላይ እዩት። ክዳኑን ደግሞ ክፍት አትተዉት። ናይትራይት ኔጌቲቭ ሆነ ማለት ኢንፌክሽን የለም ማለት አይደለም፣ ባክቴሪያው ናይትራይት እንዲሰራ ሽንቱ ፊኛ ውስጥ አራት ሰዓት ያህል መቆየት አለበት። የቲቢ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ሽንት ብርቱካናማ ከሆነ ሪፋምፒሲን ነው አትደንግጡ፣ ቀይ ስር የበላም ያቀላዋል።

ከዛ ወደ ሴንትሪፊውጁ፦ 10 ሚሊ ሽንት ቱቦ ውስጥ፣ ፊት ለፊቱ እኩል ውሃ የያዘ ቱቦ፣ ከ1500 እስከ 2000 ዙር በደቂቃ፣ 5 ደቂቃ። ቶሎ ልጨርስ ብላችሁ ፍጥነቱን አትጨምሩ ካስቱ ይሰባበራል፣ በእጅም አታስቁሙት የረጋው ይበጠበጣል። መብራት ከሄደ ሳይሽከረከር ማየት ይቻላል፣ ግን ሳይሽከረከር እንደታየ ጻፉበት። ላዩን በአንድ ጊዜ ድፉት፣ ታች ግማሽ ሚሊ ይቅር፣ ቱቦውን በጣት መታ መታ አድርጋችሁ በጥብጡት፣ አንድ ጠብታ ስላይድ ላይ፣ ከቨር ስሊፑን (ስሱን መሸፈኛ መስታወት) በአንድ ጎን አስነክታችሁ ቀስ ብላችሁ ልቀቁት አረፋ እንዳይገባ።

አሁን ዋናው፣ ብርሃን! ወባ ስታዩ ኮንደንሰሩን (ከስላይዱ ስር ብርሃን የሚሰበስበውን ሌንስ) ሽቅብ ገፍታችሁ ነው የለመዳችሁት፣ ያ ስላይድ ቀለም አለው። ሽንት ቀለም የለውም፣ በዛ ብርሃን ሁሉም ነገር ይጠፋል። ኮንደንሰሩን ዝቅ፣ አይሪሱን (የብርሃን ማስገቢያ ቀዳዳውን) ጠበብ አድርጉ። ሃያሊን (ቀለም አልባው) ካስት ውሃ ውስጥ የገባ ፌስታል ነው የሚመስለው፣ ብርሃን ሲበዛ እዛው ዓይናችሁ ስር ሆኖ አታዩትም። ሁሌ በ10 ጀምሩ፣ የከቨር ስሊፑን ዳር ዳር ዙሩ፣ ካስት ወደ ጠርዝ ይሸሻል። የደም ሴል ያለበት ካስት ካያችሁ ነገሩ ከኩላሊት ነው፣ ለሐኪሙ ቶሎ ንገሩ። ከዛ ወደ 40 አዙሩና ቢያንስ 10 ሜዳ ቆጥራችሁ አማካዩን ጻፉ። ፐስ ሴል (ያው ነጭ የደም ሴል) በሜዳ እስከ 5 ብዙ አያስጨንቅም፣ "ጥቂት" ብሎ ከመጻፍ ቁጥሩ ይሻላል።

የሚያምታቱት ደግሞ አሉ። ቀይ ሴልና ፈንገስ ይመሳሰላሉ፣ ፈንገስ ሞላላ ነው፣ መጠኑ አንድ አይደለም፣ ጎኑ ላይ ትንሽ ልጅ አዝሎ ታገኙታላችሁ። ካልለየላችሁ 2 ፐርሰንት አሴቲክ አሲድ ጠብ አድርጉበት፣ ቀይ ሴሉ ይፈነዳል ፈንገሱ ይቀራል። ትሪኮሞናስ (በግብረ ሥጋ የሚተላለፈው ጥገኛ ተህዋስ) እየተንፈራገጠ ሲሄድ ማንም ያውቀዋል፣ ደሴ ብርድ ላይ ግን ቶሎ ይቆማል፣ ከቆመ በኋላ ፐስ ሴል ነው የሚመስለው፣ ስለዚህ ፈሳሽና ማሳከክ ብላ የመጣችን ሴት ሽንት ከሰልፉ አስቀድሙት። የጓንት ዱቄትን ክሪስታል ብሎ የጻፈ ሰው ደግሞ አውቃለሁ፣ እኔው ነኝ።

በመጨረሻ ቢልሃርዝያ። ከሐርቡና ከሚሴ በኩል የለመድነው የአንጀቱ ነው፣ ጎኑ ላይ እሾህ ያለው፣ እሱ የሚፈለገው ሰገራ ላይ ነው። የሽንቱ ግን አፋር መካከለኛ አዋሽ አካባቢ አለ። ስለዚህ እዛ እርሻ ላይ ለቀን ስራ ወርዶ የተመለሰ ወንድማችን "ሽንቴ መጨረሻው ላይ ይቀላል" ካላችሁ ቅድም ያልኩትን ገልብጡት፣ የመሃሉን ሳይሆን የመጨረሻዋን ጠብታ ነው የምትፈልጉት። ከቀኑ 4 እስከ 8 ሰዓት ባለው ይምጣ፣ ትንሽ ደረጃ ወጣ ወረድ ይበልና ይስጣችሁ። እንቁላሉ ትልቅ ነው በ10 ይታያል፣ እሾሁ ጫፉ ላይ ነው። በአንድ ስላይድ ካጣችሁት "የለም" ብላችሁ አትሸኙት፣ ቱቦው ውስጥ የቀረውን ሴዲመንት (የረጋውን) ጨርሳችሁ እዩ፣ ነገም ድጋሚ ያምጣ።