አዘዞ ጓሮ የገባውን ፍልፈል እንዴት እንደያዝኩት

ምልክቱ፦ ለምለም የነበረ የድንች ተክል ድንገት ይጠወልጋል፤ ሲጎትቱት ሥር የሌለው ግንድ ብቻ እጅ ላይ ይቀራል። አጠገቡ አዲስ የአፈር ቁልል አለ፤ ቀዳዳ ግን አይታይም። ጎንደር አዘዞ ካለው ጓሯችን ሁለት መደብ ድንች እንዲህ አለቀ።

መጀመሪያ ቁልሉን ቆፍሬ 10 ባልዲ ውሃ ደፋሁበት፤ መሬቱ ጠጣው። ቀጥዬ ኩበትና በርበሬ አጨስኩ፤ ያስነጠሰው እኔን ነው። ድመቷም አልረዳችም፣ ፍልፈል እምብዛም ወደ ላይ አይወጣማ።

ለካ ቁልሉ ትርፍ አፈር የሚገፋበት ነው እንጂ በሩ አይደለም። ዋሻው ሲከፈት ደግሞ ፈጥኖ በአፈር ይደፍነዋል። መያዣውም ይኸው ጠባዩ ሆነ።

ከቁልሉ ራቅ ብዬ መሬቱን በቀጭን ብረት ወጋጋሁ፤ ብረቱ ድንገት ሲሰምጥ ዋሻው እዚያ ነው። ሦስት ቦታ በዶማ ከፍቼ አደርኩ። ጠዋት የተደፈነው አንዱ ብቻ ነበር። እሱን እንደገና ከፍቼ ወስፈንጠር አጠመድኩ፦ የሽቦ ሸምቀቆ፣ የታጠፈ ዱላ፣ ዱላውን የያዘ በዋሻው መሐል የሚያልፍ ክር። ሊደፍን ሲመጣ ክሩን በጥርሱ ይቆርጠዋል፣ ዱላው ይፈናጠራል። የመጀመሪያው ቀን ሸምቀቆውን የዋሻው አፍ ላይ ስላደረግኩት አመለጠኝ፤ አንድ ስንዝር ወደ ውስጥ ሳስገባው ያዘ።

ፍልፈል ብቻውን ነው የሚኖረው፤ አንዱ ሲያዝ ጥፋቱ ቆመ። ባዶውን ዋሻ ሌላ እንዳይወርሰው ግን ቆፍሬ ደረመስኩት።