ሙቀቱ ሲበረታ ብቻውን ያለ ጎረቤትን እንዴት መጠበቅ ይቻላል?

ጎርፍ ሲመጣ ሁሉም ያየዋል። ሙቀት ግን ድምፅ የለውም፤ ሰው የሚገድለውም በብዛት ከተዘጋ በር ጀርባ ነው። እ.ኤ.አ. በ2021 በካናዳዋ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ በአንድ ሳምንት ሙቀት 619 ሰዎች ሞተዋል። ሁሉም ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ የሞቱት ቤት ውስጥ ነው። ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። የአየር ንብረቱ እየተለወጠ ሲሄድ እንዲህ ያለው ሙቀት እየተደጋገመ፣ ሌሊቱንም አልበርድ እያለ መጥቷል። ማስጠንቀቂያው በስልክም በሬዲዮም ይነገራል። የሚጎድለው በር የሚያንኳኳ ሰው ነው።

1. ዝርዝሩን ቀድማችሁ ያዙ

ሙቀቱ ከገባ በኋላ «እዚያ ላይኛው ፎቅ ያሉት ሴትዮ ማን ነበር ስማቸው?» ማለት አያዋጣም። የሚመዘገቡት ብቻቸውን የሚኖሩ አረጋውያን፣ የአልጋ ቁራኛ የሆኑ፣ ሕፃን ያላቸውና ነፍሰ ጡሮች፣ የልብ፣ የኩላሊትና የስኳር ሕመምተኞች፣ ፀሐይ ላይ የሚውሉ ሠራተኞች ናቸው። የአእምሮ ሕመም ያለባቸውን አትርሱ። ብዙ ዝርዝር ውስጥ የሉም፤ ብሪቲሽ ኮሎምቢያ ላይ ግን የስኪዞፍሬኒያ ታማሚዎች ከሌላው ሰው በጣም በበለጠ ተጎድተዋል። ቤቱንም እዩ። በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ወይም የመጨረሻው ፎቅ ላይ ያለ ጤነኛ ሽማግሌ፣ ምድር ቤት ካለ ታማሚ የባሰ አደጋ ላይ ሊሆን ይችላል።

ሰውየውን ሳታስፈቅዱ አትመዝግቡ። ለዚህ ሥራ አፕሊኬሽን ምናምን አያስፈልግም፤ ወረቀት ይበቃል። ዝርዝሩን ቴሌግራም ግሩፕ ላይ መለጠፍማ ጭራሽ አይታሰብም። ማን ብቻውን እንደሚኖር የሚናገር ወረቀት ለሌባም ይጠቅማል።

2. ቤቶቹን ተከፋፈሉ

ለአንድ ሰው ሁለት ወይም ሦስት ቤት ይበቃዋል። ተተኪም ይኑረው።

3. የክፍል ቴርሞሜትር አስቀምጡ

ርካሹ ይሠራል። የዓለም ጤና ድርጅት ምክር የቤት ውስጥ ሙቀት ቀን ከ32፣ ሌሊት ከ24 ዲግሪ ሴልሺየስ እንዳያልፍ ነው። ሰዎች የሌሊቱን ቁጥር ይንቁታል። ነገር ግን ሰውነት የሚያርፈው ሌሊት ነው፤ ሌሊቱ ካልቀዘቀዘ ጭነቱ ለነገ ይተላለፋል። ስለዚህ በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ጉብኝቱ ይጠናከር እንጂ አይላላ።

4. ጉብኝቱ

ዋናው ሥራ ይሄ ነው፤ የሚበላሸውም እዚህ ላይ ነው።

«ደህና ነዎት?» ብላችሁ ከጠየቃችሁ መልሱ «ደህና ነኝ» ነው። ሁሌም። አንድም ሰው ማስቸገር አይፈልጉም። ሌላው ደግሞ ዕድሜ ሲገፋ የጥም ስሜት ይደክማል፣ ሙቀቱም እንደ ወጣት ቶሎ አይታወቅም። አልዋሹም፤ ነገሩ ለራሳቸውም አልተሰማቸውም። ስለዚህ ከመጠየቅ ይልቅ ማየት ይሻላል።

ወደ ውስጥ ግቡ። በር ላይ ቆሞ ሰላም ማለት ጉብኝት አይደለም። ቁጭ በሉና ክፍሉ እናንተን ምን ያህል እንደሚያፍናችሁ አስተውሉ፣ ቴርሞሜትሩን አንብቡ። ጠዋት ሞልታችሁ የሄዳችሁት የውሃ ጠርሙስ ማታ ምን ያህል እንደጎደለ እዩ። መጠየቅ ካስፈለገም ጥያቄው በ«አዎ» እና በ«አይ» የማያልቅ ይሁን። «ከጠዋት ጀምሮ ስንት ጊዜ ሽንት ቤት ሄዱ? መልኩስ?» ሽንቱ ጠቆር ካለና ካነሰ ውሃው አልበቃም ማለት ነው። «ትናንት ማታ ለስንት ሰዓት ያህል ተኙ?» በሉ። ከመቀመጫቸው ሲነሡም ተመልከቱ፤ ግድግዳ ከያዙ ልብ በሉ።

ከሁሉም በላይ ንግግራቸውን አዳምጡ። ትናንት ፈጣን የነበረ ሰው ዛሬ ቃል ከጠፋበት፣ አንድ ነገር ከደጋገመ ወይም ያለ ነገሩ ከተቆጣ አሳሳቢ ነው። ይህን የሚለየው ደግሞ ትናንትም የመጣ ሰው ብቻ ነው። ጎብኚ በየቀኑ መቀያየር የለበትም የምለው ለዚህ ነው። ስልክ መደወልም ከምንም ይሻላል፤ ሆኖም የክፍሉን ሙቀት በስልክ ማወቅ አይቻልም።

ሰዓቱስ? በቀን አንዴ ብቻ መሄድ ከቻላችሁ አመሻሽ ላይ ይሁን። ግድግዳውና ጣሪያው ቀኑን ሙሉ የጠጡትን ሙቀት ወደ ውስጥ የሚተፉት ያኔ ነው። ውጭው ቀዝቀዝ ሲል «አለፈ» ብሎ መዘናጋት ይመጣል፤ ቤቱ ግን ገና እየጋለ ሊሆን ይችላል።

5. ማቀዝቀዝና ማጠጣት

ፀሐይ የሚያገኘው መስኮት ቀን በመጋረጃ ይሸፈን፣ ውጭው ከውስጡ ሲቀዘቅዝ ይከፈት። ፋን ላይ ብዙ እምነት አይጣል። የዓለም ጤና ድርጅት ከ40 ዲግሪ በላይ ፋን እንዳንጠቀም ይመክራል፤ የሚነፍሰው አየር ሰውነትን የባሰ ያሞቃልና። እርጥብ ፎጣ አንገት ላይ ማድረግ፣ ልብስን አርሶ መልበስ፣ ክንድን በውሃ ማራስ በጣም ይረዳል። ኤሲ ያለው ቤት ካለ ለሁለትና ለሦስት ሰዓት ወደዚያ መውሰድም ትልቅ እረፍት ነው።

ውሃ በየሰዓቱ አንድ ብርጭቆ ገደማ፣ ጥም ሳይጠበቅ። ሁለት ጥንቃቄ አለ። ከስድስት ወር በታች ያለ ሕፃን ውሃ አይሰጠውም፤ ጡት ቶሎ ቶሎ ይጥባ። ሐኪም ፈሳሽ ቀንስ ያለው የልብ ወይም የኩላሊት ሕመምተኛ ደግሞ በሙቀቱ ወቅት ምን ያህል እንደሚጠጣ ቀድሞ ሐኪሙን ይጠይቅ። የሚያሸኑ መድኃኒቶች፣ አንዳንድ የደም ግፊትና የአእምሮ ሕመም መድኃኒቶች ሰውነት ሙቀትን እንዳይቋቋም ያደርጋሉ። ይህ ግን በራስ ፈቃድ ለማቆም ምክንያት አይሆንም፤ ቀድሞ ለመጠየቅ ነው። ኢንሱሊንም ሙቀት ያበላሸዋል፤ ማቀዝቀዣ ውስጥ ይቀመጥ፣ በረዶ ግን አይሁን።

6. ሁኔታው ከከፋ

ግራ መጋባት፣ የንግግር መንተባተብ፣ መንገዳገድ፣ ራስን መሳት፣ ሰውነትም የሚያቃጥል ከሆነ አምቡላንስ ይጠራ። ላቡ እስኪደርቅ አትጠብቁ፤ እያላበውም ሊሞት ይችላል። አምቡላንሱ እስኪደርስ መቀመጥ የለም። ልብሱን አውልቁ፣ ቀዝቃዛ ውሃ መላ ሰውነቱ ላይ አፍስሱ፣ አራግቡ። በረዶ ካለ በጨርቅ ጠቅልላችሁ አንገቱ፣ ብብቱና ብሽሽቱ ላይ አድርጉ። ጤነኛና ወጣት ሠራተኛ ከሆነ፣ ጭንቅላቱን ከውሃው በላይ ይዛችሁ ሰውነቱን ገንዳ ሙሉ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ መንከር ከሁሉም ይፈጥናል። በደንብ ያልነቃ ሰው አፍ ውስጥ ምንም አይጨመርም፤ ትን ይለዋል። ፓራሲታሞልም አትስጡ፤ ይህ ትኩሳት የኢንፌክሽን አይደለም፣ መድኃኒቱ አይነካውም።

የሚወስዳቸው መድኃኒቶች ዝርዝር በሩ ጀርባ ተለጥፎ ከሆነ አንሥታችሁ ለአምቡላንስ ሠራተኞቹ ስጡ። ሁኔታው የጀመረበትን ሰዓትም ንገሯቸው።