ማሽኑ ሳፋ አይደለም፦ ከፊት በሚከፈት ትንሽ የልብስ ማጠቢያ ላይ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የእጅ ማጠቢያ ዱቄት መጨመር

በሳፋ ሲታጠብ አረፋው ካልኮፈሰ ልብሱ የጸዳ አይመስልም። ከፊት የሚከፈት ማሽን ግን በጥቂት ውሃ ነው የሚሠራው፤ ልብሱን ወደ ላይ እያነሳ ይጥለዋል እንጂ አይዘፈዝፈውም። የእጅ ዱቄት ሲገባ አረፋው ከበሮውን ይሞላና ልብሱ የሚወድቅበትን ክፍተት ይይዛል፤ ምቱ ይለዝባል፣ እድፉም አይለቅም። ፓምፑ አረፋ መግፋት ስለሚያቅተው ማሽኑ ደጋግሞ ያለቀልቃል ወይም ሳይጨምቅ ይቆማል። ጥቁር ሱሪ ላይ የሚቀረው ነጭ ዱካም ብዙ ጊዜ ከዚሁ ነው።

«ለአውቶማቲክ» የሚል ዱቄት ይግዙ፤ ብዙም ላልቆሸሸ ልብስ ከ2 የሾርባ ማንኪያ ይጀምሩ። ዱቄቱ የሚገባው በሳሙና መሳቢያው ውስጥ «II» በሚለው ክፍል ነው። «I» የቅድመ እጥበት ስለሆነ፣ ያን ካልመረጡ ሳሙናው እዚያው ጠጥሮ ይቀራል። አረፋው ካመለጠዎት አንድ ማንኪያ የልብስ ማለስለሻ በግማሽ ሊትር ውሃ በጥብጠው በ«II» ያፍስሱ፤ ይበርዳል።

ጋቢን ብቻውን ማስገባት

ጋቢ ውሃ ሲጠጣ ይከብዳል፣ ተጠቅልሎም በአንድ ጎን ይከመራል። ማሽኑ ሚዛኑን ማስተካከል ሲያቅተው መጭመቁን ይተወዋል፤ ተበላሽቷል ብለው ጠጋኝ አይጥሩ። ሁለት ሦስት ፎጣ ይጨምሩበት። በሌላ በኩል፣ ማሽኑ ላይ የተጻፈው 6 ኪሎ ለደረቅ ጥጥ ልብስ ነው፤ ለሰው ሠራሽ ጨርቅ ግማሹ ይበቃል። ከበሮው ሲሞላ ከልብሱ በላይ መዳፍ የሚያስገባ ክፍተት ይኑር። ነጠላ ከሆነ በመረብ ከረጢት፣ በ30 ዲግሪና በዝቅተኛ ጭመቃ፤ ጥለቱ ቀለም ይለቅ እንደሆነ አስቀድመው በእርጥብ ነጭ ጨርቅ ይፈትሹት።

የፍሳሹን ጎማ ወለል ላይ መጣል

ማሽኑ ውሃ እየሳበ አልሞላ ካለ መጀመሪያ የሚታየው ይህ ነው። የጎማው ጫፍ ከከበሮው ዝቅ ካለ የገባው ውሃ በራሱ ጊዜ ይወርዳል። ከወለሉ ከ60 እስከ 100 ሴንቲሜትር ከፍ አድርገው ይሰሩት።

ውሃ እንደመጣ ማስነሳት

ተቋርጦ የመጣ ውሃ ዝገትና ደለል ይዞ ነው የሚመጣው። ሌላ ቧንቧ ከፍተው እስኪጠራ ያፍስሱ። ደለሉ የሚጠራቀመው ከኋላ፣ ማስገቢያው ጎማ በሚገባበት ቀዳዳ ውስጥ ባለችው ትንሽ ወንፊት ላይ ነው፤ ቧንቧውን ዘግተው ጎማውን ይፍቱ፣ ወንፊቷን በፒንሳ ስበው በጥርስ ብሩሽ ይጠቡ። ከሮቶ የሚጠቀሙ ከሆነ ደግሞ ብዙ ማሽኖች ቢያንስ 0.5 ባር ግፊት ይፈልጋሉ፤ ይህም ሮቶው ከማሽኑ 5 ሜትር ያህል ከፍ ይበል ማለት ነው።

በሩን ዘግቶ መሄድ

የበሩን ጎማ እጥፋት ጠርገው በሩን ገርበብ አድርገው ይተዉት። ሁልጊዜ በቀዝቃዛ የሚያጥቡ ከሆነ በወር አንዴ ባዶውን በ60 ዲግሪ ያስነሱት። ሽታውን ለማጥፋት ግን በረኪናና ኮምጣጤ አብረው አይጨምሩ፤ መርዛማ ጋዝ ይወጣል።

የታችኛውን ማጣሪያ መርሳት

ከፊት፣ ከታች በኩል ካለችው ትንሽ ክዳን ጀርባ ነው። ማሽኑን ከሶኬት ነቅለው ዝርግ ትሪ ያስጠጉና ማጣሪያውን ቀስ እያሉ ይፍቱት። ሳንቲም፣ የፀጉር ሲባጎና የልብስ ብናኝ ያገኙበታል። ሲመልሱት አጥብቀው ይሰሩት፤ ከላላ ቀጣዩ እጥበት ወለሉ ላይ ይፈስሳል።