ሶኬት ሲግልና ሲጠቁር፦ ብሬከሩ የማያየው ብልሽት

ብሬከር አጥፍቶ በቴስተር ማረጋገጥን ታውቃላችሁ ብዬ ልጀምር። ቴስተሩን ግን መጀመሪያ ኃይል ያለበት ቦታ ላይ ሞክሩት። የሞተ ቴስተር ሰው ይገድላል።

ብሬከሩ እንዳነሳችሁት ወዲያው ከወረደ ሾርት አለ፤ ሽቦ ከሽቦ ተነካክቷል። ቆይቶ ከወረደ ጭነት በዝቷል። በትልቅ ብሬከር አትቀይሩት! 1.5 ሚሊ ሜትር ካሬ ሽቦ ላይ 32 አምፔር ብሬከር የሚገጥም ሰው ግድግዳው ውስጥ እሳት እየቀበረ ነው።

አንዱ አምፖል ከወትሮው ደምቆ ሌላው ከደበዘዘ ኒውትራሉ (መመለሻው ሽቦ) ላልቷል። ዋናውን አጥፉ። ከቆጣሪው ወዲያ ያለውን አትንኩ።

አሁን ሁሌ ወደሚገጥመኝ ልምጣ። ስፒናው ይግላል፣ የሶኬቱ ፊት ቡናማ ይሆናል፣ ፕላስቲክ ይሸታል፣ ብሬከሩ ግን አይወርድም። ምክንያቱ ብዙ ጊዜ የላላ ብሎን ነው። ብሎን ሲላላ ኤሌክትሪኩን ይገታል፤ ይህ በኦም ይለካል። 10 አምፔር በ0.5 ኦም ውስጥ ሲያልፍ 50 ዋት ሙቀት ይወጣል፤ ያ ሁሉ አንዲት ብሎን ላይ። ለ16 አምፔር ብሬከር ደግሞ 10 አምፔር ጤነኛ ጭነት ስለሆነ ዝም ይላል።

አንድ ቤት መኝታ ክፍል ያለው ሶኬት ይሸታል ተባልኩ። ምንም አልተሰካበትም። ስከፍተው የፌዙ (ኃይል የሚያመጣው ሽቦ) ልባስ ከስሎ ተሰነጣጥቋል። ለካ የወጥ ቤቱ መስመር በዚሁ ሶኬት ብሎን በኩል ነው የሚያልፈው። ምድጃው ወጥ ቤት ይበራል፣ ሶኬቱ መኝታ ቤት ይቃጠላል። ሌላ ቤት ሶኬቱ በተቀየረ ቁጥር ይጠቁር ነበር። ጥፋቱ የውሃ ማሞቂያው ስፒና ነው። እግሩ ጠቁሮ አዲሱን ሶኬት ሁሉ ያበላሻል። ስፒናውን ገልብጦ ያየ ሰው የለም!

የጋለ ሶኬት ይጣል። ብሎኑን አጥብቆ መመለስ ዋጋ የለውም፤ የውስጡ ናስ አንዴ ከጋለ ስፒና አይጨብጥም። የጠቆረውን ሽቦ የሚያብረቀርቅ መዳብ እስኪመጣ ቁረጡ። ካጠረ በናስትሮ ጠቅልሎ መቀጠል የለም! ስካቶላ (የሽቦ መገናኛ ሳጥን) ውስጥ፣ በብሎን ማያያዣ ይቀጠል። ባለ ብዙ ክር ሽቦ ከሆነ ጫፉን በእርሳስ አትበይዱት። ብሎኑ ሲጫነው እርሳሱ ቀስ በቀስ ይሸሻል፣ እንደገናም ይላላል። ልባሱ ብሎኑ ሥር እንዳይገባ። ካጠበቃችሁ በኋላ እያንዳንዱን ሽቦ በእጅ ሳቡት፤ ከተንቀሳቀሰ አልታሰረም። አዲስ ሶኬት ስትገዙም ማግኔት ያዙ። ብሎኑን ተዉት፤ ሽቦው የሚታሰርበት ክፍል ማግኔት ከሳበ ቅብ ብረት ነው። እኔ አልገጥመውም።

ሲያልቅ ብዙ ኃይል የሚበላውን ዕቃ ሰክታችሁ ግማሽ ሰዓት አብሩት። ከዚያ አጥፉና የስፒናውን ፕላስቲክ ዳብሱ። ለብ ካለ ችግር የለውም። እጅ ካቃጠለ ስፒናውን ቀይሩ። በዚያው መስመር ላይ ያሉትን ሌሎች ሶኬቶችም ፊታቸውን ዳብሱ፤ ምንም ሳይሰካበት የሞቀ ካለ ቀጥሎ የሚከፈተው እሱ ነው።