ሸሪፉ ተኩሶ የማያድነው ልጅ

የካውቦይ ፊልም ላይ ነገሩ ቀላል ነው። ሰካራም አባት ልጁን ይገርፋል፣ ጀግናው በሩን በእርግጫ ብሎ ይገባል፣ ሁለት ቡጢ፣ አለቀ። በዚያ ዘመን ላይ ልብወለድ ወይም የፊልም ጽሑፍ የምትሞክሩ ከሆነ ግን ይቺን ትዕይንት ሰርዟት። ሲነጋ ልጁን ይዘው ለአባቱ የሚመልሱት የከተማው ሰዎች ራሳቸው ናቸው፣ ጀግናው ደግሞ የሰው ቤት ሰብሮ በመግባት ይጠየቃል።

ዘመኑን እንደ ፈረንጆቹ 1875 እንበለው። ቦታው ካንሳስ ነው፣ ዶጅ ሲቲን የመሰለች፣ ባቡር ከገባባት ሦስት ዓመት የሆናት የከብት ነጋዴ ከተማ። የሕፃናት ጉዳይ የሚባል ቢሮ የለም። ልጅን መቅጣት የአባት መብት ነው፣ የቤት ገመናም ደጅ አይወጣም። ብዙ ሰው ታዲያ «ሕግ ስላልነበረ ምንም አይደረግም ነበር» ይላል። እኔ አልስማማም። ሰው መደብደብ ያኔም ወንጀል ነበር። የሚጠፋው ዳኛ ፊት ቆሞ በስሙ የሚከስ ሰው ነው፣ ልጁን ዛሬ ማታ የሚያስጠጋ ሰውም እንደዚያው።

ስለዚህ ራሳችሁን በጀግናው ቦታ አድርጉና ከክሱ በፊት ለልጁ መኝታ ፈልጉ። ከሳችሁ ልጁ እዚያው ቤት ካደረ፣ የክሱን ዋጋ በጀርባው ነው የሚከፍለው። የሐኪሙ ሚስት፣ የቄሱ ቤት፣ አልጋ የምታከራይ የተከበረች ባልቴት ይሆናሉ። ዳኛው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ማን ይወስደዋል?» ብሎ ነው፣ ሚስት የሌለው ካውቦይ «እኔ» ቢል ማንም አይሰማውም።

ቀጥሎ በዓይናችሁ እዩ። እዚህ ላይ ድሆችን በየቤታቸው ትጎበኝ ከነበረችው ከኒው ዮርኳ ኤታ ዊለር የምንማረው አለ። በ1873 ታኅሣሥ፣ ሜሪ ኤለን ስለምትባል የምትደበደብ ልጅ ሰምታ ቤቱን አንኳኳች፣ ግን ስለ ልጅቷ ትንፍሽ አላለችም። ጎረቤት የታመመች ሴት ስላለች አልፎ አልፎ እንዲያዩላት ለመለመን የመጣች መሰለች። የቤቱ እመቤት ስታወራ ዊለር ዓይኗን ላከች። በዚያ ብርድ ስስ ቡትቶ የለበሰች፣ አምስት ዓመት የምትመስል ልጅ ዕቃ ታጥባለች፣ መጥበሻው ራሷን ያህላል። ጠረጴዛው ላይ የተገመደ የቆዳ አለንጋ ተጋድሟል፣ ክንዷና እግሯ ደግሞ ሰንበር በሰንበር ነው። በኋላ ሲጣራ ልጅቷ ዘጠኝ ዓመቷ ነበር። እናንተም ሰበብ ይዛችሁ ግቡ። እንቁላል ግዙ፣ መጥረቢያ ተዋሱ።

ያያችሁትን ዕለቱን ጻፉት። ቁስሉ የት ነው? ትኩስ ነው ወይስ የዳነ? ሐኪሙ አይቶ ይፈርም። ጎረቤትና አስተማሪ ምስክር ይሁኑ፣ ካልሆነ ነገሩ «አንተ አልክ፣ እኔ አልኩ» ሆኖ ይቀራል።

አሁን ዳኛ። ለድብደባው የከተማው ትንሽ ዳኛ ዘንድ በመሐላ ክስ ይቀርባል። ግን ቅጣት ብቻውን ልጁን ከቤት አያወጣም። ኢሊኖይ ውስጥ አባትና እንጀራ እናት ማየት የተሳነውን ልጅ በክረምት ምድር ቤት ዘግተውበት፣ በ1869 የግዛቱ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ጥፋታቸውን አጽንቶባቸዋል። ቅጣታቸው እያንዳንዳቸው 300 ዶላር ነበር። ስለዚህ ሌላውንም በር አንኳኩ፦ የውርስና የሞግዚትነት ጉዳይ የሚያየውን የካውንቲ (የወረዳ) ዳኛ። አሳዳጊው ወላጅ ካልሆነ ነገሩ ይቀላል። የሜሪ ኤለን አሳዳጊም እናቷ አልነበረችም። ዊለር እርዳታ የጠየቀችው ሄንሪ በርግ የእንስሳት ተከላካይ ማኅበር መሪ ስለነበር ልጅቷ «በእንስሳት ሕግ ዳነች» ይባላል፣ ተረት ነው። ጠበቃው ኤልብሪጅ ጌሪ የተጠቀመው አካልን ነፃ የማውጣት ትእዛዝን ነው። በ1874 ልጅቷን በብርድ ልብስ ጠቅልለው ችሎት አስገቧት፣ ፊቷ ላይ የመቀስ ቁስል ነበር። አሳዳጊዋ አንድ ዓመት ከከባድ ሥራ ጋር ተፈረደባት።

የማልመክረው ነገር ቢኖር ሰው አሰባስቦ ልጅ መንጠቅ ነው። በ1904 በአሪዞናዎቹ የማዕድን ከተሞች በክሊፍተንና በሞረንሲ፣ ከኒው ዮርክ የመጡ 40 ካቶሊክ ሕፃናት ለሜክሲኳውያን ቤተሰቦች ተሰጡ። የታጠቁ ነጮች በሌሊት እየዞሩ ነጠቋቸው፣ «ልጆቹን አዳንን» እያሉ። ፍርድ ቤቱም ለነጣቂዎቹ ፈረደ። ማዳን የሚለው ቃል ለዚህም ያገለግላል እንግዲህ። የሞግዚት ወረቀቱም ቢሆን ንጹሕ አይደለም፣ ካሊፎርኒያ በ1850 ባወጣችው ሕግ ብዙ የአገሬው ተወላጅ ልጆች በዚያው ወረቀት የግዳጅ ሠራተኛ ሆነው ቀርተዋል። ስለዚህ «ልውሰደው» የሚለውን ገበሬ፣ አጨዳ ሲደርስ ከመጣ በደንብ ጠይቁት።

ልጁ አዲስ ቤት ከገባ በኋላም አትጥፉ። ካንሳስ በ1874 ትምህርትን ግዴታ አድርጋለች፣ ያችን ሕግ ያዙ። አስተማሪዋን ወዳጅ አድርጓት፣ ልጁ ሁለት ቀን ከቀረ ትንገራችሁ። ከዚያ እንቁላል ልትገዙ ሂዱና እግሩን እዩ፣ ጫማ አድርጓል?