ቤተ ሙከራ የሌለው ምርምር የት ይገኛል?

ታሪክ፣ ሥነ ጽሑፍ ወይም ፍልስፍና የምትማሩ የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች፣ የምርምር ዕድል ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ እስኪወጣ አትጠብቁ። በእኛ ዘርፍ ሥራው ያለው መምህሩ ጠረጴዛ ላይ ነው፤ ወደ ጽሑፍ ያልተገለበጠ ቃለ መጠይቅ፣ ማንም ያልዘረዘረው የደብዳቤ ካርቶን፣ የተዘበራረቀ ዋቢ ዝርዝር።

ስለዚህ መጀመሪያ የመምህሩን ጽሑፍ አንብቡ። ከዚያ አጭር ኢሜይል ላኩ። «ያገኘሁትን ሥራ እሠራለሁ» አትበሉ፤ ሥራ መፈለጉን ለእሳቸው መተው ነው። «ሦስተኛው ምዕራፍ ላይ የጠቀሷቸውን ደብዳቤዎች በሳምንት 4 ሰዓት እየተየብኩ ላግዝዎት እችላለሁ» ቢባል ግን እሺ ማለት ይቀላል። ሌላ ቋንቋ ወይም የድሮ የእጅ ጽሑፍ ማንበብ ከቻላችሁ መጀመሪያው መስመር ላይ ጻፉት። ወርቅ ነው!

ልምድ የለኝም የምትሉ፣ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ለንደን እ.ኤ.አ. በ2010 የጀመረው የፈላስፋው ጄረሚ ቤንታም የእጅ ጽሑፎች ግልበጣ በጎ ፈቃደኞችን በኢንተርኔት ሲያሳትፍ ቆይቷል። እንዲህ ዓይነት ቦታ ጥቂት ገጽ ገልብጡና ለመምህሩ አሳዩ።

ደግሞ የቤተ መዛግብት ሠራተኞችን ጠይቁ፣ በጣም ነው የምመክራችሁ። የትኛው ካርቶን ገና እንዳልተነካ የሚያውቁት እነሱ ናቸው።